የሐምሌው ትምህርት

ዳሲቱ የገዛ ንግግሯን የሰማችው በሠራተኞች ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ከሀይረዲን ስልክ፣ በወንድሟ ልጅ ድምፅ። ሀይረዲን የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬ ከገባ ወዲህ መንገዱ ስለረዘመበት ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከፍቶ አንድ ነገር ሳይሰማ አይሄድም። ማዳመጫ ጆሮዬን ያሳክከኛል ስለሚል ደግሞ ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ያለው ሰው ሁሉ እሱ የሚሰማውን አብሮት ይሰማል። አንዳንድ ቀን መንዙማ ነው፣ አንዳንድ ቀን የኳስ ወሬ፣ አንዳንድ ቀን ስለ ደም ግፊት የሚያወራ ሐኪም። ዛሬ ዳሲቱ ቃሊቲ ላይ ተሳፍራ፣ ነጠላዋን ሰብስባ እንደ ወትሮዋ ከጎኑ ስትቀመጥ ስልኩ «ፓስታ እንደ ሰው ነው» አለ። «ሲያስቸኩሉት ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በማግሥቱ ግን ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል።»

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ዘመድ ሳይታሰብ በር ላይ ሲቆም እንደሚሰማው ያለ። ቃሉ የሷ ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራችበት የፓስታ ፋብሪካ ማድረቂያ ክፍል ለመጣ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ድምፁን ለየችው። ሮቤራ ነው፤ ለስላሳ፣ እየተጠነቀቀ የሚናገር፣ የኢንጂነር ድምፅ። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ስሟን ጠበቀች። «አክስቴ እንደነገረችኝ» እስኪል፣ ወይም «በማድረቂያ ክፍል ያለች አንዲት ሠራተኛ» እስኪል ጠበቀች። ስለ እንፋሎቱ መውጫ መስኮት ተናገረ፣ ፓስታ ሰብሮ ድምፁን ስለ መስማት ተናገረ፣ ክሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ስለ ማየት ተናገረ። ሲጨርስ «ሮቤራ ያደታ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።

«ምንድን ነው የምትሰማው?» አለችው ሀይረዲንን።

«ገበታን ነዋ። የሮቤራን ትምህርት። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም ክፍል ገበታ ላይ በተጻፈው ብቻ ይሥራ ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ አንቺ ትናንት ዕረፍት ነበርሽ።»

ገበታ ኩባንያው ካምና ጀምሮ ያመጣው የመማማሪያ ገጽ ነው። የአቃቂው፣ የሐዋሳውና የድሬዳዋው ፋብሪካ ሠራተኛ በስልኩ ይገባበታል፤ የሚያውቅ ያስተምራል፣ የማያውቅ ይጠይቃል፣ ከእያንዳንዱ ትምህርት በላይ ያስተማረው ሰው ፎቶና ስም ይወጣል። ዳሲቱም እንደ ሰው ሁሉ መግቢያ ተሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱን ልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ከተተችውና ረሳችው። ሀይረዲን ስልኩን አዘንብሎ አሳያት። ሮቤራ በሰማያዊ ሸሚዝ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ ስድስት መቶ ሰው እንዳየው ተጽፏል።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሊሸለም ነው። የሦስቱም ፋብሪካ የሥልጠና ኃላፊ ሊያደርጉት ነው አሉ። አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል» አለች ዳሲቱ።

አልነገራትም። ሮቤራ ስምንት ዓመት እቤቷ ኖሯል፤ የታላቅ ወንድሟ የያደታ ልጅ ነው፣ «አዳዳ» ነው የሚላት፣ በኦሮምኛ የአባቴ እህት ማለቱ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ አብረው ቁርስ በልተዋል። በዚያች በሁለት ክፍል ቤት፣ እሱ በሚያድርበት ሳሎን፣ ሶፋው ላይ የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ ገፋ አድርገው ተቀምጠው፣ ቲማቲም ሳሪስ አቦ ገበያ ቃሊቲ ካለው በስንት እንደሚረክስ አውርተዋል። ስለ ሻይ ቅጠል አውርተዋል። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ እሷ ናት የተኮሰችለት፤ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ የኃላፊዎቹን መኪና ሊጠብቅ ወጣ። በር ላይ ቆም ብሎ ዞሮ አይቷት ነበር። የረሳው ነገር ያለ መስሏት «ቁልፍህን ያዝክ?» አለችው። «ይዣለሁ» አለና ሄደ። አሁን ያች አስተያየቱ ምን እንደነበረች ገባት፣ ሲገባት ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ያች አስተያየት አመመቻት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ ላይ ነው። ለሦስት ቀን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከቢሮው ወደ ማድረቂያው ወረደና አጠገቧ ቆመ። «አዳዳ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ፣ ለፋብሪካው የሚጠቅም ነገር ልጻፍ» አላት። ነገረችው። አንድም ሳታስቀር፣ ልጇን ፊደል እንደምታስቆጥር ሴት እየደጋገመች ነገረችው። በሃያ ሁለት ዓመት «እንዴት ነው የምታውቂው?» ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ማታ ማታ ለጎረቤቶቿ «ሮቤራ ከኔ እየተማረ ነው» ስትል የሰነበተች ናት። አውቶቡሱ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ፋብሪካው ኮረኮንች ሲታጠፍ ሀይረዲን፣ ዝም ብላ የቆየችበትን ምክንያት የጠረጠረ ይመስል፣ መስኮቱን እያየ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ» አለ። 

የማድረቂያው ክፍል አርባ እርምጃ ይረዝማል። ሊጡ ተገፍቶ በቀጭን በቀጭኑ ይወጣና እንደ ታጠበ ልብስ በበትር ላይ ተሰቅሎ በዋሻ መሳይ ሙቅ ሳጥን ውስጥ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ በአንዱ ጫፍ እንደ ክር ተጣጥፎ የገባው በሌላው ጫፍ ደርቆ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከመካከል አንድ ቦታ አለ፤ ሠራተኞቹ «ማላቢያ» ይሉታል። እዚያ ሲደርስ ሙቀቱ እየነፋ አይነዳውም፤ ታፍኖ ይቆማል፤ በውስጡ የቀረው እርጥበት ወደ ላዩ እስኪወጣ ይጠበቃል። ስንት ይጠበቃል፣ የእንፋሎቱ መስኮት ምን ያህል ይከፈታል የሚለው ነው ሥራው ሁሉ። ዳሲቱ እዚህ ክፍል የገባችው ወለል ጠራጊ ሆና ነው። ማንም አላስተማራትም። መጥረጊያዋን ይዛ እያየች፣ የተሰባበረውን እየጠረገች፣ ትናንት ለምን ብዙ ዛሬ ለምን ጥቂት እንደጠረገች ራሷን እየጠየቀች ነው የለመደችው። ከጠራጊነት ወደ ማሽኑ ያሻገሯትም ሌላ ነገር አይተው አይደለም፤ በሷ ተራ የሚጠረግ ነገር እየጠፋ ስለሄደ ነው።

ሽርጧን ሳታስር ሀይረዲን ከማሸጊያው እየተጣደፈ መጣ። እጁ ላይ የታሸገ ፓስታ አለ። ሰጣት። ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፣ ስትጨብጠው ግን በላስቲኩ ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቀደደችውና አንድ ክር መዝዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳች። ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የመሰሉ ነጫጭ ስንጥቆች ገብተውበታል።

«ሌሊት የወጣው ሁሉ እንዲህ ነው» አለ ሀይረዲን። «ሦስት ቶን። ለትምህርት ቤቶች ምገባ ነው፤ ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። የሌሊቱ ሰው እንደ ትምህርቱ ነው የሠራሁት ብሎ ይምላል።»

የሌሊቱ ሰው አዲስ ነው። ቀድሞ የነበሩት ሽማግሌ ባለፈው ሳምንት ጡረታ ወጥተዋል። ዳሲቱ ወደ ማሽኑ ሄዳ የእንፋሎቱን መስኮት አየች፤ ግማሽ በግማሽ ተከፍቷል። ሰዓቱን አየች፤ ማላቢያው ላይ ሠላሳ ደቂቃ ተሞልቷል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። ሮቤራ አጠገቧ የቆመው በሐምሌ ነው። ያን ሰሞን ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርድ ነበር፤ አየሩ ራሱ ውሃ ነው፤ መስኮቱን ግማሽ ከፍታ ማላቢያው ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ታልበው ነበር። አሁን ጥር ነው። የአቃቂ የጥር ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ እንኳን ፓስታ። ልጁ ያየውን አንድም ሳያስቀር ጽፎታል፤ ያላየውን ግን አልጠየቀም፣ እሷም በሌላ ወር ይለያል ብላ አልነገረችውም።

«የሚቀጥለው ማላቢያው ሊደርስ ስንት ደቂቃ ቀረው?» አለች።

«ሃያ ይሆናል። ስምንት ቶን ውስጥ አለ» አለ ሀይረዲን፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ዳሲቱ፣ ዝም በይ። የጻፈው እሱ ነው፤ ስሙም ፎቶውም ላዩ ላይ አለ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማን ጥፋት እንደሆነ ሁሉም ያየዋል።»

እውነት ለመናገር አስባበታለች። ቆማ አስባበታለች። እጇን ኪሷ ከትታ፣ እንደ ታዘዘው ሠርታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጩ ሸሚዝ ላብ ሲመታው ማየት ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም፤ ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግን ማሽኑ ውስጥ ስምንት ቶን አለ። አይኗን ከዚያ ማንሳት አልቻለችም። በበትሩ ላይ ተደርድሮ፣ ቢጫ፣ ገና ለስላሳ፣ ወደ ማላቢያው እየተጓዘ ነው። እሱ ምን አጠፋ?

የመቆጣጠሪያዋ ክፍል ከማድረቂያው በመስታወት ብቻ ነው የምትለየው። ሮቤራ ስክሪኑ ፊት ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ የምርት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስቴር መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ከጎኑ አለች። ጠረጴዛው ላይ የተሰበረ ፓስታ ተበትኗል። ዳሲቱ ስትገባ ሮቤራ ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ።

«ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነው» ይላል። «ሙቀቱ ትክክል ነው፤ ደቂቃው ትክክል ነው። ዱቄቱ ይሆናል ችግሩ።»

«ዱቄቱ አይደለም» አለች ዳሲቱ። «መስኮቱ ይዘጋ። ጣት የምታስገባ ብቻ ትቅር። ማላቢያው ላይ ሠላሳ ሳይሆን ዘጠና ደቂቃ ይቆይ።»

«ገበታ ላይ ያለው…» ብሎ ጀመረ ሮቤራ።

«ገበታ ላይ ያለው የሐምሌ ነው። አሁን ጥር ነው።»

  የማሽኑ ጉርምርምታ በመስታወቱ አልፎ ይሰማል። አስቴር አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። ብልህ ሴት ናት፤ በመካከላቸው አንድ ነገር እንዳለ አውቃለች፣ ምን እንደ ሆነ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም።

«የትም ተጽፏል እንዴ፣ እትዬ ዳሲቱ?»

«የትም አልተጻፈም።»

«መመሪያውን ጥሼ ስምንት ቶን ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ወረቀት አምጪና ልፈርም።»

አስቴር ወረቀት አላመጣችም። መነጽሯን ከፀጉሯ አውርዳ አይኗ ላይ አደረገችና «ይዝጉት» አለች። ዳሲቱ ወጥታ የመስኮቱን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው፤ ለዓመታት ያዞረችው እጀታ ነው። በመስታወቱ በኩል ሮቤራ ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ሲያመነታ አየችው። ከዚያ ዘጠናውን ሞላ።

እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። ምሳ ሰዓት ላይ ሀይረዲን ካፍቴሪያ ውስጥ ሽሮውን ይዞ ከፊቷ ተቀመጠ። እሷ አልራባትም። ከሳጥኗ ያወጣችውን የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እዚህ ገበታ የምትሉት ላይ እንዴት ነው የሚገባው?»

ሀይረዲን ማላመጡን ተወ። «ምን ልትይበት?»

«የሌሊቱ ሰው ዛሬም ማታ ይገባል። የድሬዳዋውም የሐዋሳውም ይህንኑ እየሰሙ ነው። አንዳቸውም የሐምሌ መሆኑን አያውቁም።»

ወረቀቱ ላይ ያለውን የሠራተኛ ቁጥሯን በራሷ ጣት አንድ በአንድ ስልኳ ላይ አስገባች፤ ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ተከፈተ። መጻፍ አያቅታትም፣ የማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ግን በዚያች በትንሽ ስልክ ፊደል እየለቀሙ ነገር መናገር ድንጋይ በወንፊት እንደ መንፋት ሆነባት። ሀይረዲን ማይክ የሚመስለውን ምልክት አሳያት። እየተናገሩ ተጭኖ መያዝ ነው። ካፍቴሪያው ሲንጫጫባት ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የተደረደሩ የእንጨት ጣውላዎች አጠገብ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ቆመች። ከሮቤራ ትምህርት ሥር ያለውን ምልክት ተጫነች።  ምን እንደምትል አላዘጋጀችም፤ ለአዲስ ሠራተኛ የምትለውን አለች። ይህ የተነገረው ለክረምት ነው፤ በበጋ እንዲህ አታድርጉ። መስኮቱን ዝጉት። ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ አልቡት። ማሽኑ ጨርሷል ቢላችሁም አትመኑት፤ አሥር ክር ውሰዱና በር ላይ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አንድ ሰዓት አስቀምጡ፣ ክፉ ከሆነ ራሱ ይናገራል። ክረምት የተማረ በጋን አያውቅም፣ የሚያውቅ የመሰለውም እኔ ባለመናገሬ ነው። ከዚያ ጣቷን ልታነሳ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላትና ጨመረች፦ «ዳሲቱ እባላለሁ። ከማድረቂያ ክፍል።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዎቹ በትሮች ወጡ። ዳሲቱ ከየቦታው አሥር ክር መዝዛ የኋላ በር ደፍ ላይ በነጭ ወረቀት ዘረጋቻቸው። ከጎናቸው የሌሊቱን አሥር ክር አደረገች። ነፋሱ ከአቃቂ ሜዳ አቧራ እየያዘ ይመጣል። አስቴር መጥታ ቆመች፤ ሀይረዲን ሥራውን ትቶ መጣ፤ የማሽኑ ልጆች መጡ። ሮቤራም መጣ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።  ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ዳሲቱ ጎንበስ ብላ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አነሳች። የሌሊቶቹ ነጭ በነጭ ሆነዋል። የቀኑን አንዱን አነሳች፤ እንደ ማር ወለላ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እስከ አሥረኛው። አሥረኛውን አስቴር ከእጇ ወሰደችና ራሷ አየችው። ከዚያ የዳሲቱን ትከሻ በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘች፤ ረዘም ላለ ጊዜ እንደያዘች ቆየች።

ካፍቴሪያው ለሽልማቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተገፍተዋል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ የገበታ ገጽ በትልቁ በርቶበታል፤ የሮቤራ ፎቶ በር አክሏል። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደገብርኤል ገብተው ስለ እውቀት መካፈል ተናገሩ። እውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም አሉ። የሦስቱም ፋብሪካ ሠራተኛ ወንድምና እህት ሆኖ ይማማር አሉ። ከዚያ «እስቲ ይህን የተወደደ ትምህርት አብረን እንስማ» ብለው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። መጫን የፈለጉትን ይሁን ሌላ አይታወቅም፤ ከትምህርቱ በላይ «አዲስ» ተብሎ በቀይ የወጣውን ተጫኑ፣ የዳሲቱም ድምፅ ካፍቴሪያውን ሞላው።

የገዛ ድምፅን ከውጭ መስማት እንግዳ ነገር ነው። ዳሲቱ አንገቷን ደፋች። ድምፅዋ ከምታስበው ይወፍራል፣ ከኋላው ነፋስ አለበት። «ክረምት የተማረ በጋን አያውቅም» ሲል ከፊት ወንበሮች አንድ ሰው ሳቀ፤ መሳለቅ አልነበረም፣ የገባው ሰው ሳቅ ነው። «ክፉ ከሆነ ራሱ ይናገራል» ሲል ከማድረቂያ ክፍል የመጡት እርስ በርስ ተያዩ። ይህን አነጋገር ያውቁታል። ስድስት መቶ ሰው በሮቤራ ድምፅ የሰማው አነጋገር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንም ማስረጃ አላስፈለገውም። ድምፁ ስሟን ጠርቶ አበቃ። አቶ ወልደገብርኤል ግራ ተጋብተው አስቴርን አዩ። አስቴር ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ዛሬ ስምንት ቶን ያዳነችው እሷ ናት» አለች።

ሮቤራ ተነሳ። ፊቱ ወዝ አውጥቷል፣ ወረቀት ይዞ ነበር፣ የንግግር ወረቀት ይመስላል፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ትምህርቱ የኔ አይደለም» አለ። «ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን አጠገቧ ቆሜ የጻፍኩት ነው። ስሟን ማስገባት ነበረብኝ፤ አላስገባሁም። ሌሊት የተበላሸውም እሷ ስላጠፋች አይደለም፣ እኔ ስላልጠየቅኋት ነው። አክስቴ ናት። ስምንት ዓመት ያኖረችኝ እሷ ናት።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

 አቶ ወልደገብርኤል ዳሲቱ ወደ ተቀመጠችበት ዞሩ። «እመት፣ ይህን ሁሉ እያወቁ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

ዳሲቱ ተነሳች። መቶ ሃምሳ ሰው ዞሮ አያት። 

«የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው» አለች። «እሱም ሮቤራ ነው።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ሀይረዲን ነው። ከዚያ የማሽኑ ልጆች፣ ከዚያ የማሸጊያ ሴቶች፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ፤ የተገፉት ጠረጴዛዎች ሁሉ ተመቱ። አቶ ወልደገብርኤል እጃቸውን ቢያነሱም ዝም የሚል ጠፋ። ጸጥ ሲል የሥልጠናውን ኃላፊነት ነገር በሌላ ቀን እናየዋለን አሉ፤ ዛሬ ግን የትምህርቱ ስም ይቀየር፣ እመት ዳሲቱም ከነገ ጀምሮ የሦስቱም ፋብሪካ የማድረቂያ አስተማሪ ይሁኑ፣ ከነደረጃቸው፣ አሉ። ይስማሙ እንደሆነ ጠየቋት። ዳሲቱ እዚያው ቆማ አሰበች፤ የሚያቻኩላት አልነበረም።

«እስማማለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ከማሸጊያው ሀይረዲን ፓስታ በእጁ ብቻ መዝኖ ያውቃል። ከማቡኪያው የዱቄቱን እርጥበት በጣቷ የምታውቅ አለች። እነሱም ይናገሩ። የተናገረ ሁሉ በስሙ ይውጣ። መጻፍ ያልቻለ በድምፁ ይናገር።»

አስቴር ያን ጊዜውኑ ኮምፒውተሩ ጋ ሄደች። በሰው ሁሉ ፊት፣ በትልቁ ጨርቅ ላይ፣ የሮቤራ ስም ፊደል በፊደል ጠፋ። በቦታው «ዳሲቱ» ተጻፈ። ፎቶ ስላልነበራት ክብ ባዶ ቦታ ተተወ፤ አንዱ ከኋላ «ነገ አሳምረሽ ነይ» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ወደ ቤት የተመለሱት አብረው ነው። ሮቤራ የኃላፊዎቹን መኪና ትቶ ሰርቪሱ ውስጥ ገባ፤ ሀይረዲን ወንበሩን ለቀቀለት።  ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የከባድ መኪኖች ሰልፍ መንገዱን ሞልቶታል። ቃሊቲ ከወረዱ በኋላ ጎን ለጎን ሄዱ፤ እሱ ቦርሳዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ፣ ሰጠችው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሮቤራ ቆመ።

«በኔ ስም ካልሆነ ማንም አያነበውም ብዬ ነው መጀመሪያ» አለ። «ከዚያ ሲወደድ… ከዚያ መናገሩ እየከበደኝ ሄደ፣ አዳዳ።»

«መናገሩ ሲከብድህ ሸሚዝ ታስተኩሰኛለህ?»

አቀረቀረ። እሷም በሩን ከፍታ ገባች። አላለቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ግን እራት ስታቀርብ ሁለት ሰሐን አወጣች፣ እሱም ሳይታዘዝ ሽንኩርቱን ከተፈ። በልተው ሳይጨርሱ ስልኳ ድምፅ አወጣ። ከዚያ ደገመ። ገበታ ነው። አርባ ሦስት ሰው መልስ ሰጥቷታል። ከሐዋሳ አንዲት ሴት «ለካ ለዚህ ነው የሚሰነጠቅብን» ብላለች። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ከድሬዳዋው ፋብሪካ፣ አሻግሬ ከሚባል የማድረቂያ ሠራተኛ። የእኛ ሙቀት የእናንተን አይመስልም፣ ጥርም ሐምሌም ለኛ ያው ነው፤ እኛ ስንት ደቂቃ እናልበው፣ ይላል።

ሮቤራ ሰሐኑን ገፋ አድርጎ ወረቀት ሳበ። «በአየሩ እርጥበት ማስላት ይቻላል። ልሥራልሽና መልሺለት፤ ማላቢያው ላይ ሁለት ሰዓት ግድም ይሆናል መሰለኝ።»

«ድሬዳዋን አይተሃታል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየኋትም።» እጇን በፎጣ ጠርጋ ስልኩን አነሳች። ማይኩን ተጭና ወደ አፏ አስጠጋች።

«አሻግሬ፣ እንደምን ዋልክ» አለች። «ያንተን አላውቀውም። የድሬዳዋን ነፋስ የምታውቀው አንተ ነህ። ነገ ጠዋት ስልሳ ሞክር፤ ከነገ ወዲያ ዘጠና ሞክር። አሥር አሥር ክር በር ላይ አስቀምጥና የሆነውን ንገረኝ፤ እኔም እማራለሁ። መልሱን ስታገኘው በራስህ ስም ጻፈው።»

ጣቷን አነሳች። ገበታ ከተጀመረ ጀምሮ ማንም «አላውቅም» ብሎ አያውቅም ነበር። ሮቤራ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ ማስታወሻ ደብተሩን አዲስ ገጽ ላይ ገልጦ ፊቷ ዘረጋው። ዳሲቱ አየችው፤ ከላይ በትልቁ የሷን ስም ጽፎበታል፣ ከሥሩ ደግሞ «የበልግ ወራት» ብሎ ባዶ መስመር ትቷል።

«ስለ መጋቢትስ ምን ልጠይቅሽ?» አለ።

«መጀመሪያ ብላ» አለች ዳሲቱ፣ ወንበሯንም ወደ ጠረጴዛው ሳበች።